“አይቶታል” እና “ደርሶታል”፦ ውጭ አገር ላለ ተከሳሽ መጥሪያ እንዴት ይደርሳል?

አንድ ፍርድ ቤት የውጭ ኩባንያን ወይም የውጭ መንግሥትን በሌለበት “ይህን ያህል ሚሊዮን ክፈል” ብሎ ፈረደ የሚል ዜና በወጣ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሳል። አንዱ ወገን “ክሱን እየሰማ ዝም ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው” ይላል። ያው ፍርድ ከዓመታት በኋላ በመጥሪያ ጉድለት ሲሻር ደግሞ “ሁሉን እያወቀ በወረቀት ሰበብ አመለጠ” የሚል ቁጣ ይሰማል። ሁለቱም አስተያየቶች የሚነሱት ከአንድ ስህተት ነው፤ ተከሳሹ ስለ ክሱ መስማቱን እና መጥሪያው በሕግ አግባብ መድረሱን እንደ አንድ ነገር ከመቁጠር። ከሳሽም ተከሳሽም አንድ አገር ውስጥ ሲሆኑ ልዩነቱ ብዙ ላይጎላ ይችላል። መጥሪያው ድንበር ሲሻገር ግን ፍርዱ የሚጸናውም የሚፈርሰውም በዚህ ልዩነት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## መጥሪያ ድንበር ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው?

መጥሪያ ተራ ደብዳቤ አይደለም። “በተባለው ቀን ቅረብ ወይም መልስህን በጽሑፍ አቅርብ፤ አለዚያ በሌለህበት ይፈረድብሃል” የሚል፣ የመንግሥት ሥልጣን ያለበት ትእዛዝ ነው። ይህ ሥልጣን በሌላ መንግሥት ምድር ላይ ሥራ ላይ ሲውል ሁለት የሕግ ባህሎች ይጋጫሉ።

የእንግሊዝን ሥርዓት በተከተሉት የኮመን ሎው አገሮች መጥሪያ ማድረስ በአብዛኛው የተከራካሪው ወገን ሥራ ነው። ጠበቃው የቀጠረው አድራሽ ወረቀቱን ለተከሳሹ ሰጥቶ ይህንኑ በቃለ መሐላ ካረጋገጠ ነገሩ አበቃ። በተጻፈ ሕግ በሚመሩት በብዙዎቹ የሲቪል ሎው አገሮች ግን መጥሪያ ማድረስ የመንግሥት ተግባር ነው። ስለዚህ የውጭ ፍርድ ቤትን መጥሪያ ይዞ የመጣ የግል አድራሽ በእነሱ ዓይን የሌላ መንግሥትን ሥልጣን በምድራቸው ላይ የሚሠራ ሰው ነው። የስዊዘርላንድ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 271 ያለ ፈቃድ ለውጭ መንግሥት የሚፈጸምን እንዲህ ያለ ተግባር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ለንደን ውስጥ የዕለት ተዕለት ሥራ የሆነው ነገር ዙሪክ ውስጥ ወንጀል ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሌላው ጫፍ ለተከሳሹ የባሰ ነበር። በፈረንሳይና የእሷን ሥርዓት በወሰዱ አገሮች ከሳሹ መጥሪያውን በገዛ አገሩ ላለው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ያስረክብና በዚያችው ዕለት “ደረሰ” ተብሎ ይቆጠር ነበር። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ በዲፕሎማሲ መስመር ወራት ይጓዛል። የመልስ መስጫውና የይግባኙ ጊዜ ግን ወረቀቱ ገና መንገድ ላይ እያለ ይቆጠራል። ተከሳሹ ፖስታውን ሲከፍት ይግባኝ የሚልበት ቀን አልፎ ሊያገኘው ይችላል። ዛሬ የሚሠራበት ዋናው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከተጻፈባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህን ማስቀረት ነው።

## የ1965ቱ የሔግ ስምምነት

የፍርድ ቤትና ከፍርድ ቤት ውጭ ያሉ ሰነዶችን በፍትሐ ብሔርና በንግድ ጉዳዮች ወደ ውጭ አገር ስለማድረስ የሚደነግገው ስምምነት ሔግ ላይ ኅዳር 15 ቀን 1965 (በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር) ተፈርሞ በ1969 በሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ ከ80 በላይ አገሮች አባል ናቸው፤ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ቻይና፣ ሕንድና ጃፓን ይገኙበታል።

ስምምነቱ የሚሠራው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ወይም የንግድ ሲሆን፣ ሰነዱን ወደ ሌላ አባል አገር መላክ ሲያስፈልግ፣ እና የተከሳሹ አድራሻ ሲታወቅ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አድራሻው የማይታወቅ ከሆነ ስምምነቱ አይመለከተውም፤ ሆኖም “አይታወቅም” ማለት ብቻውን አይበቃም። የንግድ መዝገብ፣ የውል ሰነድ፣ የድረ ገጽ ምዝገባና የቀድሞ ደብዳቤዎች መፈተሻቸውን ከሳሹ በዝርዝር ማሳየት ይጠበቅበታል። ሳይፈልግ “ጠፋብኝ” ያለ ከሳሽ በኋላ አድራሻው በአንድ የመዝገብ ፍለጋ ሊገኝ ይችል እንደነበር ከታየበት ፍርዱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ነጥብም ጥንቃቄ ይሻል። ሰነዱ ወደ ውጭ መላክ ያስፈልግ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚወስነው ክሱ የቀረበበት አገር ሕግ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 በቮልስዋገን ጉዳይ እንዳለው፣ በግዛቱ ሕግ መሠረት አሜሪካ ውስጥ ላለው ቅርንጫፍ ኩባንያ ማስረከብ ለጀርመኑ እናት ኩባንያ እንደማስረከብ ከተቆጠረ ወረቀቱ ድንበር አልተሻገረም፤ ስለዚህም ስምምነቱ አይነሳም። ከሳሾች ውጭ አገር ከመላካቸው በፊት እዚሁ ወኪል፣ ቅርንጫፍ ወይም በሕግ የተመዘገበ ተቀባይ መኖሩን የሚያጣሩት ለዚህ ነው።

## ዋናው መንገድ፦ ማዕከላዊ ባለሥልጣን

እያንዳንዱ አባል አገር የውጭ መጥሪያዎችን የሚቀበል አንድ መሥሪያ ቤት ይሰይማል፤ ስምምነቱ ይህን ማዕከላዊ ባለሥልጣን ይለዋል። ቻይና የፍትሕ ሚኒስቴሯን ሰይማለች፤ ጃፓን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሯን። በጀርመን ግን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የየራሱ አለው። የሙኒክን ኩባንያ መጥሪያ ለበርሊኑ መሥሪያ ቤት መላክ ሥራውን የሚያዘገይ የተለመደ ስህተት ነው።

ከላኪው በኩል የሚያስፈልገው ጥቅል የራሱ መልክ አለው። ከስምምነቱ ጋር የተያያዘው ሞዴል ፎርም በጥያቄው፣ በምስክር ወረቀቱና በሰነዱ ማጠቃለያ የተከፈለ ነው። ጥያቄው ማን እንደላከ፣ ለማን እንደሚደርስና በምን ዘዴ እንዲደርስ እንደተፈለገ ይገልጻል። የምስክር ወረቀቱ ባዶውን ይላካል፤ የሚሞላው ተቀባዩ አገር ነው። ማጠቃለያው ለተከሳሹ የተጻፈ ነው፤ የክሱን ዓይነት፣ የተጠየቀውን ገንዘብ፣ የቀጠሮውን ቀንና መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ በአጭሩ ይነግረዋል። የፎርሙ የታተሙ ቃላት በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ መሆን አለባቸው፤ ባዶ ቦታዎቹ ከሁለቱ በአንዱ ወይም በተቀባዩ አገር ቋንቋ ይሞላሉ። ጥያቄውም ሰነዶቹም በሁለት ሁለት ቅጂ ይላካሉ፤ አንዱ ለተከሳሹ ሲሰጥ ሌላው ከተሞላው ምስክር ወረቀት ጋር ይመለሳል። በሌላ የሰነድ ልውውጥ የሚጠየቀው የኤምባሲ ማረጋገጫም ሆነ አፖስቲል (አባል አገሮች ሰነድ የሚያረጋግጡበት ማኅተም) እዚህ አያስፈልግም።

ተቀባዩ መሥሪያ ቤት መጥሪያውን በሦስት መልክ ሊያደርስ ይችላል። የመጀመሪያው በራሱ ሕግ የተደነገገው መደበኛ ዘዴ ነው። ሁለተኛው ከአገሩ ሕግ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ላኪው በተለይ የጠየቀው ዘዴ ነው። ሦስተኛው ተከሳሹ በፈቃዱ ከተቀበለ ብቻ የሚሠራው ተራ ርክክብ ነው። በተራ ርክክብ ያለ ትርጉም የተላከ ሰነድ እምቢ ከተባለ ጥቅሉ ወደ ላኪው ተመልሶ፣ ተተርጉሞ፣ እንደገና ይጓዛል። ትርጉም ለመቆጠብ ሲባል ወራት የሚባክኑት እንዲህ ነው። በመደበኛው ዘዴ ማዕከላዊ ባለሥልጣኑ ሰነዱ በአገሩ ቋንቋ እንዲጻፍ ወይም እንዲተረጎም የመጠየቅ መብት አለው፤ ብዙዎቹም ይጠይቃሉ። ትርጉሙ መጥሪያውን ብቻ ሳይሆን ክሱንና ተያይዞ የሚላከውን ማስረጃ ሁሉ መሸፈን ስላለበት፣ ሦስት መቶ ገጽ አባሪ ያለው ክስ ከዳኝነት ክፍያው የበለጠ የትርጉም ወጪ ሊያስከትል ይችላል። በዚህ ሰነድ ማድረስ ደረጃ ሕጉ የማያስገድደውን አባሪ አለመጨመር ትልቁ የወጪ ቅነሳ ነው።

## ጥቅሉ የሚመለሰው በምን ምክንያት ነው?

ስምምነቱ ተቀባይ አገር እምቢ የሚልበትን በር በጣም አጥብቦታል። በአንቀጽ 13 መሠረት እምቢ ማለት የሚቻለው ርክክቡ ሉዓላዊነትን ወይም ደኅንነትን የሚነካ ሲሆን ብቻ ነው፤ “ይህ ጉዳይ የሚታየው በእኔ ፍርድ ቤት ብቻ ነው” የሚለው ምክንያት አይሆንም። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የአሜሪካ ክስ የቅጣት ካሳ (አጥፊውን ለመቅጣት ከጉዳቱ በላይ የሚጠየቅ ካሳ) ስለጠየቀ ብቻ መጥሪያው አይከለከልም ብሎ በ1994 ወስኗል። ያው ፍርድ ቤት በ2003 ግን ከናፕስተር የሙዚቃ መለዋወጫ ጋር ተያይዞ በጀርመኑ የሚዲያ ኩባንያ በቤርተልስማን ላይ የቀረበው የ17 ቢሊዮን ዶላር ክስ መጥሪያ እንዳይደርስ ጊዜያዊ እግድ ሰጥቶ ነበር። እንዲህ ያለው እምብዛም የማይደገም ክስተት ነው።

በተግባር ጥቅሎችን የሚመልሷቸው ሉዓላዊነትን የማይነኩ ተራ ጉድለቶች ናቸው። ቀዳሚው የስም ነው። የቻይና ኩባንያ በሕግ የሚታወቀው በቻይንኛ ፊደል በተመዘገበው ስሙ ነው፤ በውሉና በደረሰኙ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ስም የንግድ መጠሪያ እንጂ ሕጋዊ ስም አይደለም። ከሳሹ በእንግሊዝኛ ስም ብቻ ቢልክ አድራሹ በሩ ላይ “እንዲህ የሚባል ድርጅት የለም” ይባላል፤ ምስክር ወረቀቱም “አልደረሰም” ተብሎ ይመለሳል። ትክክለኛው ስም ከንግድ መዝገብ ወጥቶ በፎርሙም፣ በክሱም፣ በትርጉሙም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ላይ አንድ ፊደል ከተለየ የተለየ ድርጅት ነው ሊባል ይችላል።

አድራሻውም እንደዚያው ነው። የፖስታ ሳጥን ቁጥር ለአድራሽ በር አይሆንም። በውሉ ላይ የተጻፈው የፋብሪካ አድራሻ ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱን ካስመዘገበበት ቦታ ሊለይ ይችላል።

ከዚያ የፈራሚው ጉዳይ አለ። ጥያቄውን የሚልከው በላኪው አገር ሕግ ሥልጣን ያለው አካል ወይም የፍትሕ ሠራተኛ ነው፤ ከሳሹ ራሱ ፈርሞ ቢልከው ይመለሳል። አሜሪካ ውስጥ ጠበቃ ለመፈረም ሥልጣን ያለው ሆኖ ሳለ ፎርሙ ላይ በየትኛው ሕግ እንደፈረመ ስላልጠቀሰ ብቻ ጥቅሉ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የቀጠሮ ቀን ነው። ፍርድ ቤቱ እንደ አገር ውስጥ ጉዳይ የአንድ ወር ተኩል ቀጠሮ ይሰጣል፤ ትርጉሙ ሦስት ሳምንት፣ ጉዞው ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ማዕከላዊ ባለሥልጣኑ ሲከፍተው ቀኑ አልፏል ወይም ሊያልፍ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ያለፈ ቀን ያለበትን መጥሪያ ማድረስ ትርጉም ስለሌለው ተቀባዩ ይመልሰዋል። እንደየአገሩ ሥራው ከሁለት ወር እስከ ዓመት ከዚያም በላይ ስለሚወስድ፣ ከሳሹ ገና ክሱን ሲከፍት ረዥም ቀጠሮ መጠየቅ፣ ካልሆነም መጥሪያው ላይ ቋሚ ቀን ሳይሆን “ከደረሰህ በኋላ ይህን ያህል ቀን ውስጥ” የሚል አነጋገር ማስገባት ብልህነት ነው። የመጥሪያው ዕድሜም መታየት አለበት፤ በእንግሊዝ ሥነ ሥርዓት የክስ ፎርም አገር ውስጥ በ4 ወር፣ ውጭ አገር ግን በ6 ወር ውስጥ እንዲደርስ ይጠበቃል፤ ማራዘሚያ የሚጠየቀውም ጊዜው ሳያልፍ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሥነ ሥርዓት ያለው የ90 ቀን ገደብ ደግሞ ውጭ አገር ለሚደርስ መጥሪያ አይሠራም።

## ፖስታና ኢሜይል

ስምምነቱ ከማዕከላዊ ባለሥልጣኑ ሌላ መንገዶችንም ይፈቅዳል፦ በቆንስላ ማስረከብ፣ በተቀባዩ አገር የፍትሕ ሠራተኞች በቀጥታ ማድረስ፣ በፖስታ መላክ። ሆኖም ተቀባዩ አገር ሊቃወማቸው ይችላል። በፖስታ መላክን ከተቃወሙት መካከል ጀርመን፣ ቻይና፣ ሕንድ፣ ደቡብ ኮርያና ስዊዘርላንድ አሉ። ጃፓን ለረዥም ጊዜ ሳትቃወም ቆይታ በ2018 መጨረሻ ተቃውሞዋን አስመዝግባለች። የቆየ መመሪያ ይዞ የሚሠራ ሰው እንዲህ ባለው ለውጥ ይሳሳታል፤ መጥሪያ ከመላኩ በፊት የአገሩን የወቅቱን መግለጫ ማየት የግድ ነው።

በፖስታ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ ክርክር ነበር። የስምምነቱ አንቀጽ 10 ስለ ፖስታ ሲያወራ “ማድረስ” ሳይሆን “መላክ” የሚል ቃል ተጠቅሟል፤ አንዳንድ ፍርድ ቤቶችም ይህ ተጨማሪ ወረቀቶችን እንጂ መጥሪያን አይመለከትም ይሉ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 መላክ ማድረስን ይጨምራል ብሎ ጉዳዩን ቋጨው፤ ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ተቀባዩ አገር መቃወም የለበትም፤ ክሱ የቀረበበት አገር ሕግም በፖስታ ማድረስን መፍቀድ አለበት። ስምምነቱ አልከለከለም ማለት ፈቀደ ማለት አይደለም። በፌዴራሉ ሥነ ሥርዓት በአደራ ፖስታ የሚላከው በፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር በኩል ሆኖ የፈራሚ ደረሰኝ የሚመለስበት ነው፤ ጠበቃው ራሱ ፖስታ ቤት ሄዶ ቢልከው መንገዱ ትክክል ሆኖ እርምጃው ሊጎድል ይችላል።

ኢሜይል ላይ ግን ክርክሩ ገና አልበረደም። በአንድ በኩል የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በተለይ አካላዊ አድራሻቸውን በሚሰውሩና ሥራቸውን በሙሉ በኢንተርኔት በሚያካሂዱ ነጋዴዎች ላይ ኢሜይልን ከ2002 ጀምሮ ሲፈቅዱ ቆይተዋል፤ መከራከሪያቸው ተከሳሹን ሊያገኝ የሚችለው ብቸኛው መንገድ ይህ ከሆነ ፍትሕ በሩን መዝጋት የለበትም የሚል ነው። በ2022 አንድ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዲጂታል ገንዘብ ማጭበርበር ለተጠረጠሩ ማንነታቸው ላልታወቀ ሰዎች መጥሪያው በብሎክቼይን ቦርሳቸው እንዲጣል እስከ መፍቀድ ደርሷል። በሌላ በኩል ደግሞ አድራሻው የሚታወቅ ተከሳሽ ያለበት አገር ፖስታን ተቃውሞ ሳለ ኢሜይልን “ስምምነቱ በስም አልጠቀሰውምና ይቻላል” ማለት ተቃውሞውን በጓሮ በር ማለፍ ነው የሚሉ ዳኞች አሉ። በ1965 ኢሜይል አልነበረም፤ ከፖስታ የፈጠነና ለተቀባዩ መንግሥት ቁጥጥር የራቀ ከሆነ ደግሞ ፖስታን የተቃወመ አገር ኢሜይልን ይፈቅዳል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። አድራሻው በሚታወቅ ተከሳሽ ላይ ይህ ሁለተኛው አቋም የበለጠ የሚያሳምን ይመስላል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በሚሠራው ደንቡ (ቁጥር 2020/1784) ችግሩን በፈቃድ ፈትቶታል፤ ተቀባዩ አስቀድሞ ከተስማማ በኤሌክትሮኒክ መንገድ በቀጥታ ማድረስ ይቻላል። በዚያው ደንብ መሠረት ተከሳሹ በማይገባውና የአገሩ የሥራ ቋንቋ ባልሆነ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሲደርሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ አልቀበልም ማለት ይችላል።

## ተከሳሹ መንግሥት ሲሆን

“ማወቅ” እና “መድረስ” እንዴት እንደሚለያዩ የሱዳንን ጉዳይ ያህል የሚያሳይ የለም። ጥቅምት 12 ቀን 2000 የአሜሪካ የጦር መርከብ ኮል ኤደን ወደብ ላይ ፈንጂ በጫነች ጀልባ ተመታ፤ 17 መርከበኞች ሞቱ። ከጥቃቱ የተረፉና ቤተሰቦቻቸው ሱዳን ለአጥፊዎቹ ድጋፍ ሰጥታለች ብለው በ2010 ከሰሱ። የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር በከሳሾቹ ጥያቄ መሠረት መጥሪያውን በአደራ ፖስታ ላከው፤ ፖስታው ላይ የተጻፈው ተቀባይ የሱዳን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆን አድራሻው ግን ዋሽንግተን ያለው የሱዳን ኤምባሲ ነበር። ደረሰኙ ተፈርሞ ተመለሰ። ሱዳን አልቀረበችም፤ በ2012 ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደባት፤ ፍርዱን በባንኮች ካላት ንብረት ላይ የማስፈጸም ሥራም ተጀመረ።

ሱዳን ያን ጊዜ ቀርባ መጥሪያው አልደረሰኝም አለች። መጋቢት 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ተስማማላት። የአሜሪካ ሕግ ሬጅስትራሩ ለሚኒስቴሩ ኃላፊ “አድራሻ ጽፎ ይላክ” ሲል፣ ሚኒስትሩ በሚገኝበት አገር ወዳለው መሥሪያ ቤቱ ማለቱ ነው፤ ኤምባሲ የሚኒስትሩ ቢሮ አይደለም። ፖስታው በትክክለኛው ስም ወጥቶ፣ ተፈርሞበት፣ ወደ ተሳሳተ ከተማ ስለሄደ ብቻ የዘጠኝ ዓመት ሙግት ፈረሰ። የተጎጂዎቹ ሐዘን ማንም የሚረዳው ነው። ሆኖም ነገሩን ገልብጦ ማየት ይጠቅማል፤ የአሜሪካ መንግሥትም የራሱ ኤምባሲዎች በየአገሩ በፖስታ መጥሪያ እንዲቀበሉ ስለማይፈልግ በዚህ ክርክር ከሱዳን ጎን ቆሟል።

በዚያ ሕግ ለመንግሥት መጥሪያ የሚደርስባቸው አራት መንገዶች በቅደም ተከተል የተቀመጡ ናቸው፦ በልዩ ስምምነት፣ በዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በፖስታ፣ በመጨረሻም በዲፕሎማሲ መስመር። ፖስታው በ30 ቀን ውስጥ ካልተሳካ ነው ወደ ዲፕሎማሲው የሚኬደው፤ ደረጃ መዝለል አይቻልም። ተከሳሹ መንግሥት መልስ ለመስጠት 60 ቀን አለው። ብሪታንያም ተመሳሳይ ናት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2021 በሊቢያ ጉዳይ ላይ፣ መንግሥትን በሚመለከት መጥሪያው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች በኩል መድረሱን ዳኛ ሊያስቀር አይችልም ብሏል። በአገሩ ጦርነት ተነስቶ ሚኒስቴሩ ሥራ ቢያቆም እንኳ ማለት ነው፤ ከአምስቱ ዳኞች ሁለቱ በዚህ አልተስማሙም።

## ስምምነት የሌለበት አገር

ተከሳሹ ያለበት አገር የሔጉም ሆነ የሌላ ስምምነት አባል ካልሆነ የሚቀረው ዋና መንገድ የፍርድ ቤት የትብብር ደብዳቤ ነው፤ የአንድ አገር ፍርድ ቤት የሌላውን አገር ፍርድ ቤት “ይህን መጥሪያ አድርስልኝ፤ እኔም ወደፊት በተመሳሳይ እተባበርሃለሁ” ብሎ የሚጠይቅበት ሰነድ። ደብዳቤው ከፍርድ ቤቱ ወደ ፍትሕ ወይም ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወደ ኤምባሲው፣ ከኤምባሲው ወደ ተቀባዩ አገር ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴሩና ወደ ፍርድ ቤቱ፣ በመጨረሻ ወደ አድራሹ ይሄዳል። መልሱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። በየእጁ ማኅተም ይጨመርበታል፤ በየእጁ ሊዘገይም ሊጠፋም ይችላል። ስለዚህ የዓመት ጉዞ እዚህ ያልተለመደ አይደለም። ጥቅሉ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲተላለፍ የወጪ ቁጥሩን እየያዙ መከታተል የጠፋ ጥቅል ለማግኘት ይረዳል።

## መልስ ሳይመጣ ሲቀር

ማዕከላዊ ባለሥልጣኑ ዝም ቢልስ? በአንቀጽ 15 መሠረት ዳኛው መጥሪያው በሕግ መንገድ መድረሱና ተከሳሹ ለመከላከል በቂ ጊዜ ማግኘቱ ሳይረጋገጥ በሌለበት መፍረድ የለበትም። አገሮች በተለየ መግለጫ ከዚህ የሚወጡበት ቀዳዳ ግን አለ። ሰነዱ ከስምምነቱ መንገዶች በአንዱ ከተላከ፣ ከተላከበት ቀን አንሥቶ ከ6 ወር ያላነሰና ዳኛው በቂ ነው ያለው ጊዜ ካለፈ፣ ምስክር ወረቀት ለማግኘትም ተገቢው ጥረት ሁሉ ተደርጎ ካልተገኘ ዳኛው ሊፈርድ ይችላል። ሦስተኛው የማስረጃ ጉዳይ ነው። በየወሩ የተላከ የማስታወሻ ደብዳቤ፣ የመልእክት አድራሽ ድርጅት ደረሰኝ፣ ለማዕከላዊ ባለሥልጣኑ የተጻፈ ኢሜይልና የመጣ መልስ ቢኖር በመዝገቡ መያያዝ አለባቸው። ስድስት ወር ዝም ብሎ ቆይቶ “ጊዜው አለፈ” የሚል ከሳሽ ተገቢውን ጥረት አላሳየም። ንብረት የማገድን የመሰሉ አስቸኳይ ጊዜያዊ እርምጃዎች ግን ይህን አይጠብቁም።

ተከሳሹም ቢሆን በዚህ ብቻ አያልቅለትም። አንቀጽ 16 ያለ ጥፋቱ በጊዜ ያላወቀና ላይ ላዩን እንኳ የሚያሳምን መከላከያ ያለው ሰው የይግባኝ ጊዜው ካለፈ በኋላም እንዲሰማለት ይፈቅዳል፤ አገሮች ለዚህ ከፍርዱ ቀን ከአንድ ዓመት ያላነሰ ገደብ ሊያስቀምጡ ይችላሉ።

## ንብረቱ ያለው የት ነው?

ይህ ሁሉ ትጋት የመጨረሻ ፈተናው ፍርዱ የሚፈጸምበት ፍርድ ቤት ነው። በ2023 መስከረም በሥራ ላይ የዋለው የ2019ኙ የሔግ የፍርድ እውቅና ስምምነት እንኳ ተከሳሹ ለመከላከል በሚያስችለው ጊዜና መንገድ ካልተነገረው፣ ወይም አፈጻጸሙ በሚጠየቅበት አገር መጥሪያው የደረሰው ከዚያ አገር መሠረታዊ የማድረስ መርሖዎች ጋር በሚቃረን መንገድ ከሆነ እውቅና መንፈግን ይፈቅዳል። በግልግል ውሳኔዎች በኩል የ1958ቱ የኒውዮርክ ስምምነት ተገቢ ማስታወቂያ አለመድረስን የመከልከያ ምክንያት አድርጎታል።

ስለዚህ ልምድ ያለው ጠበቃ ጥያቄውን ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ተከሳሹ ገንዘብ፣ ሕንፃ ወይም ከሌላ ሰው የሚሰበስበው ዕዳ የት አለው? ንብረቱ እዚሁ ክሱ ያለበት አገር ከሆነ የአገሩ ዳኛ የሚቀበለው አቋራጭ ሊበቃ ይችላል። ሁሉም ንብረት ጀርመን ወይም ቻይና ውስጥ ከሆነ ግን እዚህ ዳኛ የፈቀደው ኢሜይል እዚያ ላለው ዳኛ ምንም ላይሆን ይችላል። ረዥሙን መንገድ በማዕከላዊ ባለሥልጣን ሄዶ በዚያው መንግሥት የተፈረመ ምስክር ወረቀት መያዝ ከአፈጻጸሙ ፍርድ ቤት ፊት እጅግ የሚጠነክር ማስረጃ ነው። ጊዜ ከሌለ ሁለቱንም በአንድነት ማስኬድ ይቻላል፤ አቋራጩ ክርክሩን ያስጀምራል፣ መደበኛው ፍርዱን ይጠብቃል።

ከሙግት በፊት፣ በውል ጊዜ መጠንቀቅ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ርካሽ ነው። ከውጭ ተዋዋይ ጋር በሚፈረም ውል ውስጥ በክሱ አገር የሚኖር መጥሪያ ተቀባይ ወኪል በስምና በአድራሻ ቢሰየም አብዛኛው ችግር ሳይነሳ ይቀራል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 አንድ የቻይና ኩባንያ በውሉ መደበኛ መጥሪያን ትቶ ፌዴክስ በተባለው የመልእክት ድርጅት የሚላክ ማስታወቂያ ለመቀበል በመስማማቱ፣ የሔጉ ስምምነት በመካከላቸው እንደማይነሳ ወስኗል። ወኪሉ ሲሰየም የሚመለከተው ዝርዝር ደግሞ ትንሽ ነው፦ ውሉ ካበቃ በኋላም ወኪልነቱ እንደሚቀጥል፣ ወኪሉ ሲቀየር በምን ቀን ውስጥ እንደሚነገርና ተቀያሪ እስኪሰየም የቀድሞው እንደሚሠራ፣ እና ለየትኛው አድራሻ የተላከ ወረቀት “ደረሰ” እንደሚባል። የመጨረሻው ካልተጻፈ ወኪሉ ቢሮውን በለወጠ ማግሥት ያው የበር ላይ ክርክር እንደገና ይጀመራል።